ጥርጣሬውን ለቤተሰብ መንገር

ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሕፃን ሲወለድ፣ የሐዋሳ ሰው «ሪፈራል» በሚለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም ይሁን በጤና ጣቢያ፣ ባለሙያው ብዙውን ጊዜ ገና ከማዋለጃው ክፍል ይጠረጥራል። የሰውነቱ መዛል፣ ወደ ላይ ቀና ያሉት የዐይኑ ጠርዞች፣ መዳፉን ያቋረጠው አንድ መስመር ያመለክቱታል። ማረጋገጫው የክሮሞዞም ምርመራ ነው፤ እሱ ደግሞ በአገራችን እንደ ልብ አይገኝም። «እርግጠኛ ሳልሆን ለምን ላስደነግጣቸው?» የሚለው ሐሳብ ከርኅራኄ ይመነጫል። እኔ ግን ጥርጣሬውን በጊዜ መንገር ራሱ ሕክምና ነው እላለሁ።

ባለሙያው ዝም ካለ ሌላው ይናገራል። እርግማን ነው የሚል ይመጣል፣ የእናቲቱን ዘር የሚቆጥር ይመጣል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ1959 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ግን ሕፃኑ በ46 ፈንታ 47 ክሮሞዞሞች አሉት፤ 21ኛው ሦስት ሆኗል። ከመቶው በ95ቱ ገደማ ይህ የሚሆነው የዘር ሕዋስ ሲከፈል በአጋጣሚ ነው፤ አይወረስም፣ እናቲቱ የበላችው ወይም የሠራችው ነገርም አያመጣውም። በጥቂቶቹ ከወላጅ ሊወረስ ስለሚችል፣ ሌላ ልጅ ለሚያስቡ ወላጆች ምርመራው ይጠቅማል። ይህን አባትየው፣ ቢቻል አያትየዋም፣ አብረው ይስሙት፤ የሚቀላቸው ሲዳሙ አፎ ከሆነም በሲዳሙ አፎ። እናቲቱ ብቻዋን ሰምታ ከሄደች ቤቷ ስትደርስ ጠበቃዋም ምስክሯም ራሷ ትሆናለች።

«መድኃኒት ከሌለው መንገሩ ምን ይጠቅማል?» የሚል አለ። ትርፉን ክሮሞዞም የሚያስወግድ መድኃኒት በርግጥ የለም። ነገር ግን ከእነዚህ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ፤ አንዳንዱ ችግር በመጀመሪያው ዓመት ካልታከመ የሳንባ ደም ሥሮችን በማይመለስ ሁኔታ ይጎዳል። የልብ አልትራሳውንድ፣ የታይሮይድ፣ የመስማትና የማየት ምርመራዎች የክሮሞዞሙ ውጤት እስኪመጣ መቆየት የለባቸውም። ጸሎትና ጠበልም ከቀጠሮው ጋር አይጣሉም፤ ባለሙያው ይህን በአክብሮት ቢናገር ቤተሰቡ ተመልሶ ይመጣል።

ወረፋው ረጅም ነው የሚለው ተቃውሞ ግን እውነት አለው፤ ይህን ሁሉ በአንድ ሐኪም ትከሻ ላይ መጫን አይገባም። ከባድ ዜና መንገር የሚለመድ ሙያ ነው፤ የሚያሠለጥን፣ ከነገሩም በኋላ የሚያነጋግር ባልደረባ ይፈልጋል። ሐኪሙ ሲናገር ነርሷ አብራ ትቀመጥ፤ እሱ ወደ ሌላ ታካሚ ሲሄድ እሷ ጥያቄ ትቀበል፣ ቀጣዩን ቀጠሮ በወረቀት ጽፋ ትስጥ። የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ትወቀው። አቶ አባዱላ ገመዳ ዳውን ሲንድሮም ላለባቸው ልጆች የመሠረቱት ዲቦራ ፋውንዴሽን እንደሚያደርገው ወላጅን ከወላጅ ማገናኘት ደግሞ ሐዋሳም ላይ የሚቻል ነው፤ ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት እናቶችና አባቶች ስልክ ቁጥር በሕፃናት ክፍሉ ቢኖር ለመጀመር ይበቃል።