ካርቦን «የዛፍ ምግብ» ከሆነ ደኑ ለምን አይጠግብም?

«ካርቦን ዳይኦክሳይድ እኮ የዛፍ ምግብ ነው። በአየር ላይ ቢበዛ ደኑ ይፋፋል እንጂ ምን ይሆናል?» ስለ አየር ንብረት ለውጥ አንድ ነገር በጻፍን ቁጥር ይሄ ጥያቄ አይቀርልንም። ጠያቂዎቹን አንወቅስም፤ ጥያቄው ብልህ ነው፣ ግማሹም እውነት ነው። ችግሩ ያለው ሌላኛው ግማሽ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ከመሬት በታች ስለሆነ ማንም ፎቶ አንስቶ አይለጥፈውም።

እስቲ ከሚታወቀው እንጀምር። ዛፍ በቅጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይስባል፣ በሥሩ ውሃ ይጠጣል፣ በፀሐይ ብርሃን ጉልበት ሁለቱን አዋህዶ ስኳር ይሠራል። ግንዱም ቅርንጫፉም ሥሩም የሚገነባው በዚሁ ካርቦን ነው። ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 280 ገደማ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ስለዚህ ምግቡ በእርግጥ በዝቷል።

ግን ስኳር ብቻ እየበላ ያደገ ሰው አይታችኋል? ቅጠሉ ስኳሩን ለመሥራት ራሱ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፣ ፕሮቲን ደግሞ ያለ ናይትሮጅን አይሠራም። ገበሬው በየክረምቱ ዩሪያ ፍለጋ የሚንከራተተው ለዚህ ነው፤ ከአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። ደን ግን ዩሪያ የሚሸምትበት ሱቅ የለውም።

እዚህ ላይ የሚገርመው ነገር፣ ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ዛፉ በናይትሮጅን ባሕር ውስጥ ቆሞ ናይትሮጅን ይርበዋል። ምክንያቱም አየር ላይ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆኖ በጣም የተቆላለፈ ነው፤ ተክል ይህን ቁልፍ መክፈት አይችልም። የሚከፍቱት መብረቅ፣ የማዳበሪያ ፋብሪካ እና የተወሰኑ ባክቴሪያዎች ናቸው። ባቄላ ወይም አተር ነቅላችሁ ሥሩን አይታችሁ ከሆነ ትናንሽ እብጠቶች አሉት አይደል? ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት እነሱ ውስጥ ነው። ተክሉ ስኳር ይሰጣቸዋል፣ እነሱ ናይትሮጅን ይሰጡታል። አባቶቻችን ስንዴ በዘሩበት መሬት በቀጣዩ ዓመት ባቄላ ሲዘሩ ኬሚስትሪ ተምረው አልነበረም፤ ውጤቱን አይተው ነው።

አብዛኛው የደን ዛፍ ግን እንዲህ ዓይነት ባክቴሪያ በሥሩ የለውም። ታዲያ በምን ይኖራል? በዕቁብ፣ ብንል ያስኬዳል። ቅጠል ይረግፋል፣ ሥር ይሞታል፣ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ያንን ይበላሉ። ሲበሉ ካርቦኑን እንደኛ ወደ አየር ይተነፍሱታል፤ የተረፋቸውን ናይትሮጅን ደግሞ ሥር ሊመጠው በሚችል መልክ አፈር ውስጥ ይለቁታል። ዛፉ መልሶ ይመጠዋል፣ መልሶ ቅጠል ያደርገዋል፣ መልሶ ያረግፈዋል። ልክ እንደ ዕቁብ ያው ገንዘብ በነዚያው ሰዎች መካከል ይዞራል። ከውጭ የሚገባው ጥቂት ነው። አንዱ እጣውን ወስዶ ቢቀር ሁሉም ይጎዳል።

የካርቦኑና የናይትሮጅኑ ዑደት የተሳሰሩት እዚህ ጋ ነው። አንዱን ስትነኩ ሌላው ይንቀሳቀሳል።

ይሄን በወሬ ሳይሆን በሙከራ ያዩ ሰዎች አሉ። አሜሪካ ቴኔሲ ግዛት ኦክ ሪጅ የሚባል ቦታ፣ ሳይንቲስቶች በስዊትገም ዛፎች ዙሪያ ቱቦ ተክለው ለዓመታት ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነፉባቸው። ወደፊት ይመጣል የተባለውን አየር ዛሬ ላይ ፈጠሩ ማለት ነው። መጀመሪያ ዛፎቹ ፈነደቁ። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ዕድገታቸው ተጨማሪ ጋዝ ካላገኙት ጎረቤቶቻቸው በ24 በመቶ በለጠ። በ2008 ግን ብልጫው ወደ 9 በመቶ ወርዶ ነበር። ጋዙ አልተቋረጠም፤ ያነሰው አፈሩ ውስጥ የነበረው ናይትሮጅን ነው። ዛፎቹ በፍጥነት ሲያድጉ ዕቁቡን በሙሉ ግንዳቸውና ሥራቸው ውስጥ ቆለፉበት።

ሁሉም ደን ግን እንዲህ አልሆነም። በሰሜን ካሮላይና ግዛት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ደን ውስጥ በጥድ ዛፎች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ሲደረግ ዕድገቱ ለረዥም ጊዜ ቀጠለ። ልዩነቱን በኋላ ተመራማሪዎች ከሥር ጋር ከሚወዳጁ ፈንገሶች ጋር አያይዘውታል። የጥዱ ፈንገሶች ብስባሹ ውስጥ ገብተው ናይትሮጅን ፈልፍለው ማውጣት ይችሉበታል። የስዊትገሙ ፈንገሶች ይሄ ሙያ ብዙም የላቸውም፤ እነሱ የሚታወቁት ፎስፈረስ በማቀበል ነው። የኛዎቹ የሀበሻ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ የሚወዳጁት ከዚህ ከሁለተኛው ዓይነት ፈንገስ ጋር ነው። «ካርቦን ሲበዛ ደናችን ይፋፋል» ለሚለን ሰው የመጀመሪያው መልሳችን ይሄ ነው።

አየሩ ግን ካርቦኑ በዝቶበት ብቻ አልቆመም፣ እየሞቀም ነው። ስለ ሙቀቱ ደግሞ ከሁሉም የሚደንቀን ማሳቹሴትስ ውስጥ ሃርቫርድ ፎረስት በሚባለው ደን የተሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በጄሪ ሜሊሎ የሚመራ ቡድን የደኑን አፈር በ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሮ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገመድ ቀበረበት። አንድ አንዱ ቁራጭ መሬት በየጎኑ 6 ሜትር ነው። ገመዱ አፈሩን ከአካባቢው በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ አስበልጦ ያሞቀዋል፣ ቀንም ሌሊትም፣ በጋም ክረምትም። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ገመድ ተቀብሮባቸው ያልበሩ ቦታዎችም አሉ፤ ለውጡ የመጣው በሙቀቱ ነው ወይስ በመቆፈሩ የሚለውን ለመለየት። (ሙከራ ማለት እንዲህ ነው!)

ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ውጤቱን ሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡት። የሞቀው አፈር እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ከነበረው ካርቦን 17 በመቶውን አጥቷል። አካሄዱ ደግሞ ቀጥ ያለ አልነበረም። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ተሕዋስያኑ በሙቀቱ ተነቃቅተው የቀለለውን ብስባሽ በልተው ካርቦኑን ወደ አየር ተነፈሱት። ከዚያ ለሰባት ዓመታት ያህል ጸጥ አለ። «አበቃ፣ አፈሩ ለመደው» ሊያስብል የሚችል ጸጥታ ነበር። ቀጥሎ ግን ካርቦኑ እንደገና መውጣት ጀመረ። በጸጥታው ጊዜ የተሕዋስያኑ ስብስብ ተለውጦ፣ ቀድሞ የማይነካውን ጠንካራ ብስባሽ መብላት ጀምሮ ነበር። ሙከራው በአምስት ወይም በአሥር ዓመት ቢቆም ኖሮ ይሄን ማንም አያውቅም ነበር። የሁለት ዓመት በጀት እየተሰጠው «ውጤት አምጣ» የሚባለውን የኛን አገር ተመራማሪ እዚህ ላይ ሳናስበው አላለፍንም።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል ካላችሁ፣ በዓለም ላይ አፈር የያዘው ካርቦን አየሩና ዕፅዋቱ ተደምረው ከያዙት ይበልጣል። ከዚህ ላይ ትንሽ በመቶኛ ብታመልጥ ብዙ ናት።

አንድ ደስ የሚል ነገርም አለው። ተሕዋስያኑ ብስባሹን ሲበሉ ናይትሮጅኑንም ይለቁታል ብለናል። ስለዚህ በሞቀው አፈር ላይ የቆሙት ዛፎች ተጨማሪ ናይትሮጅን አግኝተው ፈጥነው አደጉ፣ ከአፈሩ የወጣውን ካርቦን በከፊል ግንዳቸው ውስጥ መለሱት። በከፊል። ይሄም የሚሠራው ዛፉ በቦታው ቆሞ ካለና ውሃ ካገኘ ብቻ ነው። ዛፍ በሌለበት መሬት የተለቀቀውን ናይትሮጅን የሚቀበለው የለም።

ዛፍ በሌለበት ምን እንደሚሆን ደግሞ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ሃባርድ ብሩክ በሚባል ቦታ በ1960ዎቹ ታይቷል። ተመራማሪዎች አንድ ሙሉ ተፋሰስ ላይ ያለውን ዛፍ ቆርጠው፣ ግንዱን እዚያው ትተው፣ ዳግም እንዳይበቅል በፀረ አረም መድኃኒት ከለከሉ። ከተፋሰሱ በሚወጣው ወንዝ ውስጥ ናይትሬት፣ ማለትም በውሃ የሚሟሟው ናይትሮጅን፣ በብዙ አሥር እጥፍ ጨመረ። ማንም ማዳበሪያ አልጨመረም። ደኑ በዘመናት ያጠራቀመው ሀብት ነው በሁለትና ሦስት ዓመት በወንዝ የሄደው። ሌላው የናይትሮጅን መውጫ አየር ነው፤ እርጥበት በበዛበት አፈር ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይተናል። ይሄ ጋዝ በክብደት ሲነጻጸር ምድርን በማሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በ270 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

አሁን ወደኛ እንምጣ። ከረዥም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የምትሸቷትን የአፈር ሽታ ታውቋታላችሁ። በዚያች ሰዓት መሬት ውስጥ ትልቅ ግርግር አለ። በድርቁ የተኙት ተሕዋስያን ይነቃሉ፣ የሞቱትን ይበላሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን በአንዴ ይለቃሉ። ይሄን በደንብ ያጠናው በርች የተባለ ተመራማሪ ነው፣ ያጠናውም እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ሙጉጋ፣ በ1950ዎቹ። እስከ ዛሬ ክስተቱ በስሙ ይጠራል። በጋው በረዘመና ዝናቡ በአንዴ ዱብ ባለ ቁጥር ግርግሩ ይከፋል። ናይትሬቱ ሥር ሳይደርስበት በጎርፍ ይወሰዳል። ዛፍ የቆመበት መሬት ከዚህ ጥቂት ይድናል፣ ምክንያቱም ጥላው አፈሩን ቶሎ አያደርቀውም፣ የረገፈው ቅጠል የዝናቡን ጉልበት ይሰብራል፣ ነባር ሥሮችም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

ስልካችሁ ላይ ጉግል ኧርዝን ክፈቱና ደቡብ ጎንደርን ፈልጉ። በታረሰ ቡናማ መሬት መካከል ጥቁር አረንጓዴ ክቦች ታያላችሁ። የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ናቸው። መሃሉ ላይ የምትታየው የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ናት። በነዚያ ክቦች ውስጥ ያለው አፈር ከአጥሩ ውጪ ካለው የእርሻ አፈር የበለጠ ካርቦንና ናይትሮጅን ይዟል። ከአጥሩ ውጪ ዑደቱ በሁለት በኩል ተበጥሷል፤ አዝመራው ታጭዶ ይሄዳል፣ ገለባው ለከብት ይሰጣል፣ ከከብቱ ወደ መሬት መመለስ የነበረበት እበት ደግሞ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ማገዶ የሌላት እናት ምን ታድርግ? እሷን መውቀስ አይደለም ነገራችን። ኩበቱ የነደደው ማገዶ የሚሆነው ዛፍ ቀድሞ ስላለቀ ነው፣ ገበሬው ዩሪያ የሚፈልገውም ኩበቱ ስለነደደ ነው።

እነዚህ ክቦች ትንንሽ ናቸው፣ ብዙዎቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ። ትንሽ ደን አብዛኛው ዳር ነው፣ ዳር ደግሞ ፀሐይና ነፋስ ይገባዋል፣ አፈሩ ይሞቃል፣ ይደርቃል። ከብት ሲገባ የበቀለው ችግኝ ይበላል፣ አፈሩ ይጠቀጠቃል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ያደረጉት ለዚህ ነው። ድንጋዩ ከአካባቢው እርሻ የተለቀመ ነው፤ ገበሬውም ማሳው ይጸዳለታል። ካቡ ካርቦን አይስብም፣ በቁጥርም አይመዘገብም። ነገር ግን ከብቱን ውጪ ያስቀራል፣ ችግኙም ራሱ በቅሎ ዛፍ የመሆን ዕድል ያገኛል።

በየክረምቱ ስንት ችግኝ ተተከለ የሚለውን ቁጥር እኛም በዚህ ገጽ እንዘግባለን። ወደፊትም እንዘግባለን፤ ዛፍ መትከልን የሚጠላ የለም። ነገር ግን አንድ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ችግኝ አንድ የተቆረጠ የመቶ ዓመት ወይራን አይተካም። ግንዱን በጊዜ ሂደት ሊተካ ይችል ይሆናል። ከግንዱ ሥር የነበረው አፈር ካርቦኑን እስኪመልስ ግን ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጃል፣ ያውም ካልታረሰ። ስለዚህ «ስንት ተተከለ?» ተብሎ ሲነገር «ስንት ሄክታር ነባር ደን ሳይቆረጥ ቀረ?» የሚለውም አብሮ ይነገረን።

ምን ይተከል የሚለውም ልዩነት አለው። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፣ ለብዙ ቤተሰብም ባንክ ነው፤ ነገር ግን ናይትሮጅን ከአየር አያመጣም፣ በየጥቂት ዓመቱ ተቆርጦ ሲጫንም የያዘውን ይዞ ይሄዳል፤ ቅጠሉም ለማገዶ ከተጠረገ ለአፈሩ የሚቀረው የለም። ብርብራ ግን የባቄላ ዘመድ ነው፤ ሥሩ ላይ እነዚያው እብጠቶች አሉት። ቡና አብቃይ ገበሬዎች ለጥላ ከሚመርጧቸው ዛፎች አንዱ ብርብራ ነው። ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ከአየር የመጣውን ናይትሮጅን ለጎረቤቱ ቡና ያደርሳል።