የሆድ ድርቀትና የልጆች አንጀት ባክቴሪያ፦ ጥናቶች እስካሁን ያሳዩት

ልጅ ሰገራ ሲወጣው ካመመው በሚቀጥለው ጊዜ ይይዘዋል። የተያዘው ሰገራ በትልቁ አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ውኃው እየተመጠጠ ይደርቃል፤ ሲወጣም ይብስ ያማል፤ ልጁም ይብስ ይፈራል። የብዙ ልጆች የሆድ ድርቀት ሥር የሚሰደው በዚህ አዙሪት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታደሰው «ሮም 4» የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ከሚያያቸው ምልክቶች መካከል ሰገራ በሳምንት ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በታች መውጣቱ፣ መድረቁና ማሳመሙ፣ ልጁ ሆን ብሎ መያዙ እንዲሁም ልብሱ ላይ ማምለጡ ይገኙበታል። ቢያንስ ሁለት ምልክቶች ለአንድ ወር ከዘለቁ ልጁ የሆድ ድርቀት አለበት ይባላል። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከ10 ልጆች አንዱ ገደማ በዚህ ይቸገራል። ከእነዚህ የሚበዙት ቢመረመሩ የአንጀትም ሆነ የነርቭ በሽታ አይገኝባቸውም። ታዲያ አንዱን ልጅ የሚያስቸግረው ሌላውን ለምን ይምረዋል? ተመራማሪዎች መልሱን በአንጀት ባክቴሪያዎች ውስጥም መፈለግ ከጀመሩ ቆይተዋል።

ጥርጣሬያቸው መነሻ አለው። በትልቁ አንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሰውነት መፍጨት ያልቻለውን የምግብ አሰር አብላልተው እንደ ቡቲሬት ያሉ አሲዶች ያመነጫሉ፤ እነዚህ አሲዶች የአንጀትን ግድግዳ ይመግባሉ፣ እንቅስቃሴውንም ይነካሉ። የአንጀትን መኮማተር ከሚመሩት ንጥረ ነገሮች አንዱ ሴሮቶኒን ሲሆን፣ በሰውነት ውስጥ ካለው 90 በመቶ ያህሉ የሚሠራው እዚያው አንጀት ውስጥ ነው። በ2015 በአይጦች ላይ የታተመ የአሜሪካ ጥናት አንዳንድ ባክቴሪያዎች የአንጀት ሕዋሳት ሴሮቶኒን አብዝተው እንዲሠሩ እንደሚያደርጉ አሳይቷል። ሚቴን ጋዝ የሚያመነጩ ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያንም አሉ፤ ጋዙ የአንጀትን ጉዞ ያዘገያል።

የልጆቹ ሰገራ ሲመረመር ግን ውጤቱ እንደተጠበቀው አልሆነም። በ1998 የታተመ የኢጣሊያ ጥናት የሆድ ድርቀት ባለባቸው ልጆች ላይ ክሎስትሪዲያና ቢፊዶባክቴሪያ የተባሉ ባክቴሪያዎች በዝተው አገኘ። በ2014 በአሜሪካ ከመጠን በላይ ወፍራም የሆኑ ልጆች ሲጠኑ፣ ድርቀት ባለባቸው ላይ ፕሬቮቴላ የተባለው ባክቴሪያ ቀንሶ፣ ቡቲሬት አመንጪዎቹ ደግሞ ጨምረው ተገኙ። በ2016 የታተመው የኔዘርላንድስ ጥናት 76 የሆድ ድርቀት ያለባቸውን ልጆች ከ61 ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ፣ የተወሰኑ የባክቴሮይደስ ዝርያዎችና ቢፊዶባክቴሪየም ሎንጉም በታመሙት ላይ እንደሚበዙ አሳየ። የባክቴሪያዎቹ ዓይነት ብዛት ግን በሁለቱ ወገን አልተለያየም። እንግዲህ ለአንጀት ጤና ተብለው በእሽግ ከሚሸጡት ባክቴሪያዎች መካከል ያለው ቢፊዶባክቴሪያ ራሱ፣ በሁለት አገር ጥናት በታመሙት ልጆች ላይ በዝቶ ታይቷል ማለት ነው። «ይህ ጎድሏልና እንሙላው» የሚለው ቀላል ስሌት እዚህ ላይ አይሠራም።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የቱ መንስኤ፣ የቱ ውጤት እንደሆነ መለየት ነው። በ2016 በቤልጂየም ብዙ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ሲታተም፣ የአንጀት ባክቴሪያዎችን ስብጥር ከምንም በላይ የሚያስረዳው የሰገራው መድረቅ ወይም መለስለስ ሆኖ ተገኘ። ሰገራ ሲዘገይ አሰሩ ያልቃል፤ ባክቴሪያዎቹም ወደ ፕሮቲን ይዞራሉ፤ በአዲሱ ሁኔታ የሚመቻቸው ይበዛሉ። ስለዚህ በታመሙት ልጆች ላይ የታየው ልዩነት ድርቀቱ ራሱ ያመጣው ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል የሆድ ድርቀት ካለባቸው አዋቂዎች የተወሰደ ሰገራ ወደ አይጦች ሲዛወር የአይጦቹ አንጀት መዘግየቱ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ተጽዕኖው ከሁለቱም አቅጣጫ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው፤ በልጆች ላይ የትኛው እንደሚያመዝን ለመለየት ድርቀት ከመጀመሩ በፊት አንስቶ ልጆችን የሚከታተል ጥናት ያስፈልጋል።

በባክቴሪያ የማከም ሙከራም ብዙ ተስፋ አልሰጠም። በ2011 የወጣ የኔዘርላንድስና የፖላንድ ጥናት 159 ልጆችን አካትቶ፣ ቢፊዶባክቴሪያ ያለው የወተት ተዋጽኦ ከሌለው የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ ደመደመ። በ2010 በኢጣሊያ በሕፃናት ላይ የተሞከረው ላክቶባሲለስ ሬውቴሪ የተባለ ባክቴሪያ ሰገራ የሚወጣበትን ድግግሞሽ ቢጨምርም አላለሰለሰውም። የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመዝነው ኮክሬን 14 ጥናቶችን በ2022 መርምሮ ማስረጃው በቂ አይደለም ብሏል።

ከእነዚህ ጥናቶች ብዙዎቹ የተሠሩት ከአፍሪካ ውጭ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በ2010 የቡርኪና ፋሶ ገጠር ልጆች ከፍሎረንስ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ፣ እህልና ጥራጥሬ የሚበሉት አፍሪካውያን ልጆች አንጀት በፕሬቮቴላ ተሞልቶ ተገኝቷል። የአውሮፓ ልጅ ላይ «ልዩነት» የተባለው ጤፍና ሽሮ ለሚበላ ልጅ ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። እንጀራ በረቂቅ ተሕዋስያን ይቦካል፤ ምጣድ ላይ ግን ይሞታሉ፤ ለልጁ አንጀት የሚደርሰው በዋናነት የእህሉ አሰር ነው።

ለወላጅ የሚጠቅመው ግልጽ ነው። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት የአንጀት ሐኪሞች በ2014 ባወጡት መመሪያ ፕሮባዮቲክ የሚባሉትን እሽግ ባክቴሪያዎች አይመክሩም፤ ለዕድሜው የሚገባውን ያህል አሰርና ውኃ፣ እንዲሁም ሰገራን የሚያለሰልሰውን ፖሊኢትሊን ግላይኮል ይመክራሉ። መድኃኒቱ ቢያንስ ለሁለት ወር ይሰጣል፤ የሚቆመውም ምልክቶቹ ከጠፉ አንድ ወር ካለፈ በኋላ፣ ቀስ በቀስ ነው። ልጁ ከምግብ በኋላ ሳይጣደፍና ሳይቆጡት ሽንት ቤት ይቀመጥ። ደም፣ ትውከት ወይም ክብደት መቀነስ ከታየ ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው፤ ከተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ ሰገራውን ያላወጣ ሕፃንም እንዲሁ። ወላጆች ሆይ፣ ገንዘባችሁን በእሽግ ባክቴሪያ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ ሰገራውን በያዘው ልጅም ላይ አትቆጡ፤ ያመመው ልጅ ነውና።