ላቫጆ የማትገባዋ መኪና

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ወረድ ብሎ፣ የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ሰፈር አለ። ከዚያው ጎዳና ሳይወጡ ወደ ሰሜን ሲያቀኑ ደግሞ ዊልሻየር ማዕዘን ላይ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የቆመውን የፒተርሰን የመኪና ሙዚየም ያገኙታል። እዚህ ሰፈር መኪና ወዳድ ልጅ ቢበቅል አይገርምም። ቅዳሜ ሞሃቬ በረሃ ላይ ሲያከንፋት የዋላት ባለ ቤንዚን ሪሞት መኪና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አቧራዋን ተሸክማ ግቢ ስትወጣ ታዲያ መካሪው ብዙ ነው። አባት አለ፣ አጎት አለ፣ ሀገር ቤት ጋራዥ የሠራ ጎረቤት አለ። ችግሩ ምክሩ ሁሉ የትልቅ መኪና መሆኑ ነው።

«መኪና መኪና ነው፤ ላቫጆ ወስደህ በግፊት አሳጥባት።»

አይሆንም። የትልቋ መኪና ሞተር ኮፈን ስር ነው፤ የዚህችኛዋ ግን ሁሉ ነገሯ ደጅ ነው። ኩሽኔታዎቿን ከአቧራ የሚከላከላቸው ስስ የጎማ ሽፋን ብቻ ነው፤ የላቫጆው ውሃ ጭቃውን በዚያ ሽፋን ሥር ገፍቶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ግራሶውንም ያስወጣዋል። ከላይ አብረቅርቃ ከውስጥ አሸዋ ትፈጫለች። የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ዕቃ ያለበት ሳጥን ውሃ ከገባበት ደግሞ ነገሩ ከጽዳት ያልፋል፦ የአንድ አምስተኛ መጠን መኪና 10 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ትእዛዝ ሳይሰማ የሚከንፍ 10 ኪሎ ብረት የማንንም ልጅ እግር ይሰብራል።

ይህን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄድና «እንግዲያው ውሃ አይንካት» ይላል። እሱም ትክክል አይደለም። ጠላቷ ግፊቱ ነው እንጂ ውሃው አይደለም። ሞተሯ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ የጋለ አልሙኒየም ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም። ባትሪዋ ይውጣ፣ የማርሚታዋ አፍ ይወተፍ፣ የአየር ፊልትሮዋ በፌስታል ይታሰር። ደረቁ ጭቃ በብሩሽና በአየር ከረገፈ በኋላ ለስላሳ የጎማ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃታል። ለአየሩ የቅጠል መንፊያ ይጠቅማል፤ የኤሌክትሪኩ ይሁን እንጂ፣ ምክንያቱም ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት በቀረበ ቦታ የቤንዚኑን መንፊያ ማስጮህ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ክልክል ነው። ሳይረሳ ደግሞ በሞተሩ ክንፎች መካከል የተጋገረውን አፈር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማውጣት ያስፈልጋል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በእነዚያ ክፍተቶች በሚያልፈው አየር ነውና ጭቃ ከደፈናቸው ይግላል።

«ቤንዚን የማያስለቅቀው ዘይት የለም።»

እውነት ነው፣ ያስለቅቃል። ሀገር ቤት ጋራዥ ውስጥ ዕቃ በቤንዚንና በናፍጣ ሲታጠብ ያላየ የለም። ግን ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል፤ ተኑ ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ይሄዳል። እዚህ አገር በብዙ ቤት ጋራዥ ውስጥ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ይቆማል፣ እሳቱም ከታች ነው። የቀረውን አንባቢ ይጨርሰው። ስስ ከሆነው ፕላስቲክ፣ ከፖሊካርቦኔት፣ የተሠራው የመኪናዋ ገላም ቤንዚን ሲነካው ውሎ አድሮ ይሰነጣጠቃል።

በረኪናስ? በረኪና ዘይት አያሟሟም፣ ብረትን ግን ያዝጋል። ከሬስቶራንት ኩሽና የሚመጣው የምድጃ ማጽጃ ይብሳል፤ ብዙውን ጊዜ ኮስቲክ ሶዳ አለበት፣ ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ አልሙኒየም ይበላል። ሻንሲዋም ሞተሯም አልሙኒየም ናቸው።

«ፊልትሮዋ እስኪጠቁር ይቆይ፤ ያኔ በአየር ትነፋዋለህ።»

ሞተሮቹን የሚጨርሰው ይኼኛው ነው። የዚህችኛዋ ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ ትልቅ መኪና የዘይት ጋንና የዘይት ፊልትሮ የለውም። የሚያለሰልሰው ቤንዚኑ ውስጥ የተቀላቀለው ዘይት ነው፤ አየሩም፣ ቤንዚኑም፣ ዘይቱም አንድ ላይ በኮሎው ኩሽኔታዎች በኩል አልፈው ነው ፒስተኑ ላይ የሚደርሱት። በፊልትሮው ያመለጠ ደቃቅ አቧራ ከዚያ ዘይት ጋር ይለወስና ሲሊንደሩን እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል።

የስፖንጅ ፊልትሮ አቧራ የሚይዘው በቀዳዳው ጥበት ሳይሆን በተቀባው ተለጣፊ ዘይት ነው። አየር ሲነፉበት ዘይቱ ይደርቃል፣ ደቃቁ አቧራም ይባስ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ዙሪያው ይጸዳ፤ ከዚያ ፊልትሮው ሲወጣ ወዲያው የካርቡራተሩ አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይደፈን። ፊልትሮው ተቀምጦበት የነበረውን ቧንቧ ውስጡን በጣት ማበስ ጥሩ ምርመራ ነው፤ ጣት ላይ ሻካራ ነገር ከተሰማ አቧራ ሲያልፍ ከርሟል ማለት ነው፣ ወይ ዘይቱ አንሷል ወይ ጠርዙ አልገጠመም። ስፖንጁ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና በመዳፍ እየተጨመቀ ይታጠባል፤ እንደ ልብስ አይጠመዘዝም፣ ይቀደዳል። በቤንዚንም አይታጠብ፣ ስፖንጁ የተያያዘበት ማጣበቂያ ሊላቀቅ ይችላል። ጥላ ውስጥ በደንብ ይድረቅ፣ እርጥብ ስፖንጅ ዘይት በእኩል አይቀበልምና። ከዚያ የፊልትሮ ዘይት ተቀብቶ ቀለሙ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት እስኪሆን ይታሻል፤ ጠርዙም ላይ ትንሽ ግራሶ። ገላዋን ለማብረቅረቅ ሰዓት የሚያጠፋ ሰው ለዚህች ስፖንጅ ሩብ ሰዓት መንፈጉ ይገርመኛል።

«ደብልዩ ዲ 40 ንፋባት፤ ሁሉን ያለሰልሳል።»

ይህ ምርት እ.ኤ.አ. በ1953 እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ ውስጥ ውሃን እንዲያባርርና ዝገትን እንዲከላከል ተብሎ የተሠራ ነው። ከታጠበች በኋላ ብሎኖቿና ብረቶቿ ላይ ቢነፋ ሥራውን ይሠራል። ኩሽኔታ ላይ ግን ግራሶውን አጥቦ ይሄዳል፤ እዚያ የሚገባው ጠብታ የኩሽኔታ ዘይት ነው። ፍሪሲዮንና ፍሬን ላይ ካረፈ ደግሞ ይንሸራተታሉ።

አንድ ግራ መጋባት ደግሞ አለ፦ ድምፅ ያላት ሪሞት መኪና ሁሉ ባለ ቤንዚን አይደለችም። ትናንሾቹ በብዛት የሚነዱት ሜታኖልና ናይትሮሜቴን ባለበት ነዳጅ ነው። የካንዴላ ገመድ ከሌላት ከእነሱ ናት ማለት ይቻላል። ሜታኖል እርጥበት ይስባልና ከጽዳት በኋላ የቀረው ነዳጅ ተቃጥሎ ያልቅ፣ ሞተሩ ውስጥም መከላከያ ዘይት ጠብ ይበል። ባለ ቤንዚኗም ብትሆን ለወራት የምትቀመጥ ከሆነ የነዳጅ ጋኗ ባዶ ይሁን፤ የካሊፎርኒያ ቤንዚን 10 በመቶ ገደማ ኤታኖል አለበት፣ እሱም ውሃ ይስባል።

«እጣቢውን አስፋልቱ ላይ ድፋው፤ ፍሳሽ ማጣሪያ ይገባል።»

አይገባም። የመንገድ ዳሩ ቦይና የቤቱ ፍሳሽ መስመር የተለያዩ ናቸው። ከፌርፋክስ አካባቢ አስፋልት የሚወርደው ውሃ ሳይጣራ በባሎና ክሪክ አድርጎ ሳንታ ሞኒካ ባሕረ ሰላጤ ይገባል፤ ወደ ሃይፔሪያን ማጣሪያ የሚሄደው የቤቱ ፍሳሽ ነው። ስለዚህ ሳፋ ውስጥ ማጠብና ሳሙናማውን ውሃ ቤት ውስጥ መድፋት ይሻላል። አሮጌ ቤንዚን ግን የትኛውም ቦይ ውስጥ አይደፋም። ከተማው ሃይፔሪያንና ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. አጠገብን ጨምሮ በየአቅጣጫው ባሉት የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያዎቹ ከነዋሪው በነፃ ይረከባል፤ በአንድ ጉዞ የሚፈቀደው እስከ 15 ጋሎን ነው።