የነርሶች ኃላፊ መቼ ትዘዝ? መቼስ ታማክር?

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው ለንደን ውስጥ፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ተመርቀዋል። ከነፃነት በኋላ ጄኔራል አቢይ አበበን አግብተው፣ ባለቤታቸው ወለጋን እንዲያስተዳድሩ ሲሾሙ አብረው ነቀምቴ ገቡ። ብዙም አልቆዩ። ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ዐረፉ። መታሰቢያቸው ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የተሠራው ሆስፒታል፣ የዛሬው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል፣ ከአገሪቱ ቀደምት የነርስ ማሠልጠኛዎች አንዱ ነበር።

እናትን የሚነጥቅ የወሊድ ችግር፣ በተለይም የደም መፍሰስ፣ ዛሬም በነቀምቴ የማዋለጃ ክፍሎች የሚፈራ ነገር ነው። አንዲት ወላድ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ደም ከፈሰሳት ጊዜ የለም። አንዷ ነርስ ማህፀኗን ታሻለች፤ ሌላው የደም ሥር ፈልጎ ፈሳሽ ይሰቅላል፤ ሌላዋ ኦክሲቶሲን ትወጋለች፤ አንድ ሰው ወደ ደም ባንክ ይሮጣል። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው መድኃኒትም ከወሊዱ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። እዚህ ላይ የዋርዱ ኃላፊ «ምን ይመስላችኋል?» ብላ ብትጠይቅ ጥፋት ነው። በስም እየጠራች ማዘዝ አለባት፤ የታዘዘውም መፈጸሙን ጮክ ብሎ መናገር አለበት።

ችግሩ የሚመጣው ያው የትእዛዝ ድምፅ በማግስቱም ሲቀጥል ነው። ጠዋት ርክክብ ላይ፣ የወሩ የተረኛ ዝርዝር ሲወጣ፣ የዓመት ፈቃድ ሲጠየቅ፣ ኃላፊዋ አሁንም ደም እንደሚፈስ ሁሉ ብትጮህ ሰው ይሸሻል። ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባጃጅ ይዛ የምትመጣ፣ ጡት የምታጠባ ነርስ ተከታታይ የሌሊት ተራ ቢደርሳት መናገር መቻል አለባት። ካልቻለች ዝም ትላለች፤ ቀጥሎ መቅረት ይመጣል፣ ከዚያም የዝውውር ማመልከቻ።

ከዚህ የሚብሰው ግን የስሕተት ጉዳይ ነው። ገና የተመረቀ ነርስ የአንዱን ታካሚ መርፌ ለሌላው ወጋ እንበል። የሚቆጡትን አለቃ ከፈራ ቻርቱን ያስተካክልና ነገሩን ይውጠዋል። ታካሚው በጊዜ አይታይም፤ መድኃኒቶቹ ተመሳሳይ ጠርሙስ ይዘው አንድ መደርደሪያ ላይ መቀመጣቸውም አይታወቅም፤ ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ነርስ ያንኑ ይደግመዋል። ልጁ ሮጦ መጥቶ «ሲስተር፣ ተሳስቻለሁ» ማለት የሚችልበት ዋርድ ለታካሚ እጅግ የተሻለ ነው። ኃላፊዋም መጀመሪያ ታካሚውን ታያለች፣ ቀጥላ መደርደሪያውን፤ ተጠያቂነት ካለም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊንና ባልደረቦቹ በ1939 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወንድ ልጆች ክበቦችን በአዛዥ፣ በአማካሪና ሁሉን በለቀቀ መሪ ሥር አድርገው ሲያዩ፣ አዛዡ ከክፍሉ ሲወጣ ሥራው ይበርድ ነበር፤ በአማካሪው ዘንድ ግን ልጆቹ ይቀጥሉ ነበር። ማታ ኃላፊ በሌለበት ዋርድ የሚያድር ሁሉ ይህን ያውቃል። ሁሉን የለቀቀው መሪ ደግሞ የመጨረሻውን ቦታ ያዘ። በየሆስፒታሉም ከቢሮ የማይወጣ ኃላፊ አለ፤ አይቆጣም፣ ሰላም ይላል፣ ግን ጓንት ሲያልቅ የሚጠየቅ ሰው የለም። ይህ ደግነት አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጅማ ውስጥ፣ በዩኒቨርሲቲው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በሚሠሩ 175 ነርሶች ላይ የተካሄደ ጥናት በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ነርሶቹ ከ«ሥራ፣ ትከፈላለህ፤ አጥፋ፣ ትቀጣለህ» ዓይነቱ አመራር ይልቅ ዓላማ በሚያሳይ፣ ሐሳብ በሚያነሣሣና እያንዳንዱን ሠራተኛ እንደ ሰው በሚያይ አለቃ ሥር የበለጠ እርካታ ነበራቸው። ከመጀመሪያው ዓይነት ጠቃሚ ሆኖ የተገኘው ለተሠራ ሥራ ዋጋ መስጠት ነው።

ሆኖም «ሁልጊዜ አማክር» የሚለውም ምክር ጎዶሎ ነው። ባለፉት ዓመታት ወለጋ በግጭት፣ በመንገድ መዘጋትና በመፈናቀል ተፈትናለች፤ ወደ ነቀምቴ ሪፈር የሚጻፍለት ሕመምተኛ ከሩቅ ወረዳ ደክሞ ስለሚደርስ ሁልጊዜ ለምክክር ጊዜ አይገኝም። ሠራተኛውም አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአንድ ዋርድ ውስጥ ትናንት የተመረቀችና ሃያ ዓመት የሠሩ ነርስ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ለአዲሷ ደም እንዴት እንደሚሰቀል ደረጃ በደረጃ ማሳየት፣ አጠገቧም መቆም ያስፈልጋል። ያንኑ ለአንጋፋዋ ማድረግ ግን ስድብ ነው፤ ለእሳቸው ኃላፊነቱን ሰጥቶ ውጤቱን መጠየቅ ይበቃል።

ደመወዝ በኃላፊዋ እጅ አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም ያደረሳቸው የኑሮ ጥያቄ በዋርድ ውስጥ ባለ ፈገግታ የሚፈታ አይደለም፤ ቢፈታ ነበር የሚገርመው። በእጇ ያለው ሌላ ነው፤ የተረኛ ዝርዝሩ፣ የበዓል ሌሊቶች ድልድል፣ ከሁሉም በላይ አበል ያለው ሥልጠና ማን ይሂድ የሚለው። ለአንዲት ነርስ የጥቂት ቀናት አበል የቤት ኪራይ ማሟያ ነው። በእነዚያው ሁለት ሦስት ሰዎች ላይ የሚመላለስ ሥልጠና ቅሬታን በፍጥነት ያቀጣጥላል። የሥልጠናው ተራ ከተረኛ ዝርዝሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ማን እንደሄደና ቀጥሎ ማን እንደሚሄድ ሁሉም ያነባል፤ የሄደውም ሲመለስ የተማረውን በጠዋቱ ርክክብ ላይ ለባልደረቦቹ ያካፍላል።