ጨረቃን በጣቱ ያሳያል ወይ?

ለኦቲዝም ደም አይቀዳም። ራጅ ተነስቶም አይታይም። አዲስ ዘመን ከተማ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ "ውጤቱ መቼ ይደርሳል?" የሚል ሰው መስኮቴን ሲያንኳኳ ይውላል። የላቦራቶሪ ወረቀት የሌለው ምርመራ አለ ብትሉት ማን ያምናችኋል? ሐኪሙ ልጁን ያያል፣ ወላጅን ይጠይቃል፣ ካየውና ከሰማው ተነስቶ ይወስናል። ስለዚህ የምርመራው ትልቁ ክፍል እናንተ ከቤት ይዛችሁት የምትሄዱት ነው።

የእኔ ልጅ አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው። አማቴ "አባቱም እንዲሁ ነበር፣ ተይው" አሉ፤ ጎረቤት ቡዳ ነው አለ። ስሙን ስጠራው ዞር አይልም፣ የከረሜላ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ግን ከጓዳ ሮጦ ይመጣል። ለቡሄ ጅራፍ ሲጮህ ጆሮውን ይዞ አልጋ ሥር ይገባል። ወፍጮ ቤት ከገባ ደግሞ መውጣት አይፈልግም፤ እኛ መደማመጥ ባቃተን ጩኸት መሀል እሱ ሞተሩን እያየ ይስቃል።

መጀመሪያ የተላክነው ለጆሮ ምርመራ ነበር፣ ተገቢም ነው። የማይሰማ ልጅም ሲጠሩት አይዞርም፣ ንግግርም ይዘገይበታል። ጆሮው ሳይታይ "ኦቲዝም ነው" የሚላችሁ ካለ "ጆሮውስ?" በሉት። "ሲያድግ ይተወዋል" ብሎ የሚመልሳችሁም አይጠፋም፤ እኛም ብዙ ተሰልፈን ይህንኑ ሰምተን የተመለስንበት ቀን አለ።

ሊዮ ካነር የተባለ አሜሪካ የሚሠራ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 የ11 ልጆችን ታሪክ ጽፎ ነው ኦቲዝምን ያስተዋወቀው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በምዕራቡ ዓለም ጥፋቱ የእናት ነው፣ ፍቅር ነፍጋው ነው ይባል ነበር። ሳይንሱ ይህን ከጣለው ቆይቷል። (እኛ ዘንድም ጣት ወደ እናት መቀሰሩ አልቀረም፤ በእርግዝናዋ ጊዜ ምን እንዳደረገች ያልተጠየቀች ካለች ዕድለኛ ናት።) የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። ይህን ያህል ሰው ሁሉ ቡዳ በልቶት አይደለም።

አሁን ወላጅ ወደሚጠየቃቸው ጥያቄዎች። ኤም-ቻት የሚባል፣ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የተዘጋጀ የ20 ጥያቄ ቅጽ አለ። በእሱ ብቻ ኦቲዝም ነው አይባልም፤ ልጁ ወደ ሙሉ ምርመራ ይለፍ ወይስ አይለፍ የሚለውን ለመለየት ነው። የተጻፈው ግን ለሌላ አገር ቤት ነው። ዓይን ለዓይን ያያል ወይ ይላል። እኛ ልጅን "ትልቅ ሰው ላይ አታፍጥ" እያልን ነው የምናሳድገው፣ ሐኪም ፊት አንገቱን የደፋ ልጅ ጨዋ ይባላል። ስለዚህ እናንተን እንዴት እንደሚያያችሁ ንገሩ፦ ስታለብሱት፣ ስታጫውቱት፣ ሲደነግጥ።

ሌላው የማስመሰል ጨዋታ ነው። ምሳሌው አሻንጉሊት ማብላት፣ በስልክ የሚያወሩ መምሰል ነው። አሻንጉሊት የሌለው ቤት "አይጫወትም" ብሎ ይመልሳል፤ የተጠየቀው እኮ እቃ እቃ ነው! ከጭቃ ጀበና ሠርቶ ቡና ያፈላል? ዱላ ፈረስ አድርጎ ይጋልባል? ልጄ ቆርኪ ይሰበስባል፣ ቀዩን ከቀይ ጋር በረድፍ ይደረድራል። ቆርኪውን ስኒ አድርጎ "እንኪ ጠጪ" ብሎኝ ግን አያውቅም።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ የጣት ጥያቄ ነው። አንድ ዓመት ያለፈው ልጅ ጨረቃን ወይም አውሮፕላንን በጣቱ ያሳይና ዞሮ እናቱን ያያታል፣ "አየሽ?" ማለቱ ነው። ውሃ ሲጠማው እጃችሁን ይዞ ወደ ጀሪካኑ መጎተት ከዚህ ይለያል። የእኔ ልጅ በመጎተት ማንም አይችለውም፤ ጨረቃን ግን አላሳየኝም። ሐኪሙ ፊቱ የተለወጠው ይህን ስነግረው ነው።

ቀን ካልጻፋችሁ በበዓል ቁጠሩ። "ለጥምቀት እማ ይል ነበር፣ ለፋሲካ ጠፋ" ማለት ትልቅ መረጃ ነው፤ የነበረ ቃል መጥፋቱ ራሱ ምልክት ነውና። በስልካችሁም ቀርጻችሁ ሂዱ፣ ሲጫወትም ሲቆጣም። መኪና ያደከመው፣ አዲስ ክፍል ያስፈራው ልጅ ሐኪም ፊት የቤቱን ጠባይ አያሳይም። ከእኛ ሪፈር የሚጻፈው ወደ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ነው፤ ከመሳፈራችሁ በፊት የአእምሮ ወይም የሕፃናት ሐኪሙ የሚገኝበትን ቀን ደውላችሁ ጠይቁ።

ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት በገዛ ልጃቸው ምክንያት ነበር። ብዙ ሰው ኦቲዝም የሚለውን ስም የሰማው ከእሳቸው ነው። ለአዲስ ዘመን እናት ግን አዲስ አበባ ሩቅ ነው።

እኔ ልጄን አጠገባችን ወዳለው ጣራ ገዳም ይዤው እወጣለሁ፣ ጠበልም ይጠመቃል። ወይራውና ጽዱ ሥር ሲሮጥ "ለምን አይናገርም?" የሚለው የለም። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ፦ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች የሚጥል በሽታም ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። ፌኖባርቢታል የጀመረ ልጅ ለጠበል ተብሎ መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ በድንገት ማቆም ራሱ ይጥላል።

ሐኪሙ ምርመራውን ጨርሶ በሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ ደረጃ 1፣ 2 ወይም 3 የሚል ሊኖር ይችላል። የሚናገረው ስለሚያስፈልገው ድጋፍ መጠን ነው፣ ልጁ ሲያድግ ሊለወጥም ይችላል። ወረቀቱ ትምህርት ቤት ስታስመዘግቡ ይጠየቃል። ፎቶ ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ ካርድ እንዴት እንደሚጠፋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።