ፐርፍ አድራሻ ሲደረድር

ኮር በተጨመረለት ቁጥር መፍጠን ሲገባው ይባስ ብሎ የሚንቀራፈፍ ፕሮግራም አለ። እንዲህ ያለው ሲያጋጥም የሊነክስ ሰዎች ፐርፍን ያስነሳሉ። ፐርፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ከከርነል 2.6.31 ጋር የወጣ መሣሪያ ነው፤ ፕሮግራሙ እየሄደ በየመሃሉ ናሙና ይወስዳል። ፕሮሰሰሩ የሚፈቅድ ከሆነ የትኛው ትእዛዝ የትኛውን የሜሞሪ አድራሻ እንደነካ፣ መልሱ እስኪመጣም ምን ያህል እንደጠበቀ ይመዘግባል። አድራሻው ወዲያው ይከመራል፤ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ክምሩን ከመደርደር ነው።

ቁጥር መደርደር ምን ይከብዳል? ይከብዳል፤ እኩል የሆኑ ሁለት አድራሻዎች ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይደሉማ። የቤት ቁጥር 214 በየቀበሌው እንዳለ ሁሉ፣ አንዱ አድራሻም በየፕሮሰሱ ይገኛል። ስለዚህ ፐርፍ ቁጥሩን የሚያየው በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ የከርነል ነው ወይስ የተራ ፕሮግራም ብሎ ይለያል። ሜሞሪው ከፋይል የተጫነ ከሆነ ፋይሉ አንድ መሆኑን ያጣራል፤ ፕሮግራሙ ለራሱ የያዘው ከሆነ ደግሞ የፕሮሰሱን መለያ ያስቀድማል።

ቁጥሩ ጋ ሲደርስም ሙሉውን አይወስድም። የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ሜሞሪን የሚያመላልሱት ካሽ ላይን በሚባል የ64 ባይት ጥቅል ስለሆነ፣ የመጨረሻዎቹ 6 ቢቶች ይጣላሉ። ሁለት ቆጣሪዎች 1000 እና 1008 ላይ ተቀምጠዋል እንበል። ሁለቱም ከ960 እስከ 1023 ባለው ጥቅል ውስጥ ናቸው። 1024 ግን ከ1008 የሚርቀው 16 ባይት ብቻ ሆኖ ሳለ ሌላ ጥቅል ውስጥ ይገባል። እንግዲህ አንዱ ኮር 1000ን፣ ሌላው 1008ን ደጋግሞ ቢጽፍ፣ አንዱ የሌላውን ቆጣሪ ሳይነካ ጥቅሉን ሲነጣጠቁ ይውላሉ። ኮዱን መቶ ጊዜ ቢያነቡት ይህ አይታይም፤ የሚታየው የማይገናኙ ሁለት ስሞች ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ከከርነል 4.10 ጋር የመጣው ፐርፍ ሲ-ቱ-ሲ የተሠራው ለዚህ ዓይነቱ ንጥቂያ ነው። አንድ ኮር ሊያነብ ሲመጣ ጥቅሉን ሌላ ኮር ለውጦት ያገኘበትን ጊዜ ይቆጥራል፤ ይህ የበዛበትን ጥቅል ከላይ ያደርጋል። በእኔ ግምት የመሣሪያው ብልሃት ያለው ከዚያ ሥር ነው፤ የተጣሉት 6 ቢቶች እዚያ ይመለሳሉ። ከጥቅሉ መነሻ 40ኛው ባይት ላይ የቱ ተግባር እንደጻፈ፣ 48ኛው ላይ የቱ እንደጻፈ፣ ለየብቻ ተዘርዝሮ ይወጣል።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ቆጣሪዎች ማራራቅ ነው፤ ብዙ ጊዜም የደቂቃ ሥራ ነው። በምን ያህል? በደንቡ 64 ባይት ይበቃል። አንዳንድ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ግን ጎረቤቱን ጥቅል አብረው ስለሚስቡ፣ ጠንቃቆቹ 128 ያደርጉታል። ሲ-ቱ-ሲም ጥቅሎቹን ሁለት ሁለቱን አጣምሮ እንዲደረድር የሚያዝ አማራጭ ኋላ ላይ ተጨምሮለታል።