ለመዝጋት አንድ ቀን፣ ለመቀጠል 55 ዓመት

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሌላ ሰው ከ40 ዓመት በፊት ጥሎት የሄደውን የቆሻሻ ክምር ለማንሳት ከኪሳችሁ ገንዘብ ታወጣላችሁ? ያውም ክምሩ ሲነሳ የሚገኘው ጥቅም አሮጌ ባቡር የሚያልፍበት መንገድ ብቻ ቢሆን?

መልሳችሁ «ምን አገባኝ!» ከሆነ አልፈርድባችሁም። በደቡብ እንግሊዝ ሰሴክስ በሚባለው አካባቢ ግን ይህንን ያደረጉ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ የባቡር ሠራተኞች አይደሉም። ቅዳሜና እሁድ ቱታ ለብሰው የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የሠሩት ሀዲድ ብሉቤል ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በጸደይ ወቅት በመስመሩ ዳርና ዳር ከሚፈካው ሰማያዊ አበባ ነው። ርዝመቱ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጭር ናት አይደል? ግን ተቆርጣ እንደገና እስክትቀጠል 55 ዓመት ፈጅታለች። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንዲት ሴትና አንድ አሮጌ ሕግ

መስመሩ የተከፈተው በ1882 ነው። የሚያልፈው በገጠር ስለሆነ ተሳፋሪው ብዙ አልነበረም። መኪና ሲበዛ ደግሞ ጭራሽ ቀነሰ። የመንግሥቱ የባቡር ድርጅት ሒሳቡን ሠርቶ «ያከስራል» አለና በ1955 ዘጋው።

እዚህ ላይ ማጅ ቤሰመር የምትባል የአካባቢው ነዋሪ ብቅ አለች። መስመሩ ሲፈቀድ የወጣውን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕግ አገላብጣ ስታነብ፣ በመስመሩ ላይ በየቀኑ አራት ባቡር መመላለስ አለበት የሚል ግዴታ አገኘች። ድርጅቱ ደግሞ ይህንን ሕግ ሳያሽር ነበር መስመሩን የዘጋው። ምን ያድርግ? በ1956 ሳይወድ በግድ ከፈተው። አገልግሎቱ ግን የኩርፊያ ነበር፤ ሕጉ ካስገደደው በላይ አንድ ነገር አይጨምርም። ከዚያ ጉዳዩ በሥርዓቱ ተጣርቶ፣ በመጋቢት 1958 መስመሩ ለሁለተኛ ጊዜና በሕጋዊ መንገድ ተዘጋ።

ማጅ ተሸነፈች ማለት ነው? እኔ እንደዚያ አላየውም። ያተረፈችው ሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ወሬው በጋዜጣ ተሰራጨ፤ ስለ መስመሩ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሰማ። ከሰሙት መካከል ገና ተማሪ የሆኑ ወጣቶች ነበሩበት።

ከመካከል የቀረው ቁራጭ

ወጣቶቹ በመጋቢት 1959 ሰው ሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። የመጀመሪያ ሐሳባቸው መስመሩን በሙሉ ማስኬድ ነበር። አቅማቸው ግን አልፈቀደም። ስለዚህ ሸፊልድ ፓርክ ከሚባለው ጣቢያ ጀምሮ ያለውን የተወሰነ ክፍል ተከራዩ። ነሐሴ 7 ቀን 1960 በእንፋሎት የሚሠራውን ባቡራቸውን አስነሱ። የሚቀጥለው ጣቢያ ሆርስቴድ ኬይንስ ገና በባቡር ድርጅቱ እጅ ስለነበር መግባት አልቻሉም፤ ደጃፉ ላይ ደርሰው ይመለሱ ነበር። ጣቢያውን በኋላ አገኙት።

የራሳቸውን ቁራጭ ሲያድኑ ግን የቀረው መስመር በዓይናቸው ፊት እየጠፋ ነበር። በ1960ዎቹ ብሪታንያ በጅምላ ሀዲድ ዘጋች፤ በ1963 የወጣው ታዋቂው የቢቺንግ ሪፖርት ብቻ ከ2,300 በላይ ጣቢያዎች ይዘጉ ብሎ ነበር። ከሆርስቴድ ኬይንስ በስተሰሜን ያለው ሀዲድ ተነቀለ። መሬቱ እየተቆራረጠ ተሸጠ። በጎን በኩል ከዋናው የሀገሪቱ መስመር ጋር የሚያገናኛቸው ሌላ ሀዲድ ነበረ፤ እሱም በ1963 ተዘጋ። ባቡር አላቸው፣ ሀዲድ አላቸው፣ ግን ከየትም ጋር አይገናኙም። ደሴት ሆኑ።

ሁሉንም ያባሰው ኢምበርሆርን የሚባለው ቦታ ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ እዚያ ጋ መሬቱ እንደ ትልቅ ቦይ ተሰንጥቆ ነበር ሀዲዱ የተዘረጋው። ሀዲዱ ከተነሳ በኋላ ጥልቁ ቦይ ለአካባቢው አስተዳደር ጥሩ የቆሻሻ መጣያ ሆኖ ታየው። የየቤቱን ቆሻሻ እያመጡ እስከ አፉ ሞሉት፤ ላዩን በአፈር ሸፈኑት። በቃ፣ መንገዱ ተረሳ።

መልሶ መግዛት

በጎ ፈቃደኞቹ ግን አልረሱትም። በ1974 በሰሜን በኩል የፈረሰ ጣቢያ የነበረበትን አንድ ቦታ ገዙ። አስቡት፤ ሀዲድ የለም፣ ፈቃድ የለም፣ በመሃል ያለው መሬት የሌላ ሰው ነው። እነሱ ግን ገዙ። ከዚያ ከባለመሬቶች ጋር አንድ በአንድ ድርድር ተጀመረ። የግንባታ ፈቃዱ የተገኘው በ1985 ነው፤ ከግዢው 11 ዓመት በኋላ። 668 ሜትር የሚረዝመውን የሻርፕቶርን ዋሻ አልፈው ኪንግስኮት ጣቢያ የደረሱት ደግሞ በ1994 ነው። ያኔም ቢሆን «በኪንግስኮት መኪና ማቆም አይቻልም» የሚል ገደብ ስለነበረባቸው፣ መንገደኛው ከኢስት ግሪንስቴድ ከተማ በአውቶቡስ ነበር የሚመጣው።

ባለ 10 ቅስቱን የኢምበርሆርን ድልድይ ከባቡር ድርጅቱ በስጦታ አግኝተዋል። የቀራቸው ቆሻሻው ብቻ ነበር። «ብቻ» ስል ግን...

ሰዓት የያዘው ግብር

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይቺን ክፍል ይወዳታል። የብሪታንያ መንግሥት በ1996 ቆሻሻ ወደ መጣያ በሚያስገባ ሁሉ ላይ በቶን የሚሰላ ግብር ጣለ። ሲጀምር 7 ፓውንድ ነበር፤ በ2012 ወደ 64 ፓውንድ አደገ። ዓላማው ጥሩ ነው፤ መጣል ሲወደድ ሰው ቆሻሻ ይቀንሳል፣ መልሶ ይጠቀማል። የተበከለ መሬት ለሚያጸዱ ደግሞ ከግብሩ ነፃ የሚሆኑበት ዕድል ነበር። ብሉቤል የዚህ ዕድል ተጠቃሚ ነበር።

ችግሩ፣ ይህ ዕድል በመጋቢት 2012 መጨረሻ እንዲያበቃ ተወሰነ። ከዚያ ቀን በኋላ ለምሳሌ 10 ሺህ ቶን ቢቀር ግብሩ ብቻ 640 ሺህ ፓውንድ ነው። ስለዚህ ሩጫ ሆነ። ሀዲዱን ከኢስት ግሪንስቴድ በኩል አስቀድመው ዘርግተው ስለነበር ቆሻሻውን በጭነት ባቡር እያስጫኑ ማውጣት ጀመሩ። መንገዱን የዘጋውን ክምር ያነሳው ራሱ ባቡር ሆነ ማለት ነው።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? ከአክሲዮን ሽያጭ፣ ከስጦታ፣ እና «ለቆሻሻው አሥር ፓውንድ» በሚል ዓይነት ዘመቻ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? አሥር ፓውንድ ማንንም አያደኸይም፤ ሲጠራቀም ግን የጭነት ባቡር ያንቀሳቅሳል።

በመጋቢት 2013 መጀመሪያ የሁለቱ ጎን ሀዲድ ተገጣጠመ። በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ተሳፋሪ የያዘ ባቡር ኢስት ግሪንስቴድ ገባ። ዛሬ ከለንደን በተራ ባቡር መጥታችሁ፣ ከአንዱ ጣቢያ ወርዳችሁ ጥቂት እርምጃ ብትራመዱ የእንፋሎቱን ባቡር ታገኙታላችሁ። «ዳውንተን አቢ»ን ያያችሁ ደግሞ ሳታውቁት አይታችሁታል፤ የድራማው ባቡር ጣቢያ የተቀረጸው ሆርስቴድ ኬይንስ ላይ ነው።

«በነፃ» ማለት ያለ ዋጋ ማለት አይደለም

ይህን ታሪክ ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች» የሚል ነበር። ግን ቁጥሩን እንየው። በ1974 የተገዛው መሬት ሙሉ ጥቅም የሰጠው በ2013 ነው፤ 39 ዓመት። ከ39 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ፓውንድ በዓመት 5 በመቶ ተቀናንሶ ሲሰላ የዛሬ ዋጋው 15 ፓውንድ ገደማ ነው። የትኛውም ባንክ፣ የትኛውም ኩባንያ ይህንን ፕሮጀክት ቢያይ ፋይሉን ይዘጋዋል። ትክክልም ነው። በጎ ፈቃደኛው የሰጠው ትልቁ ነገር እንግዲህ ነፃ ጉልበት ሳይሆን ገበያው የሌለው ትዕግሥት ነው።

ደግሞ ጉልበቱም ዋጋ አለው። እዚያ ባቡር መንዳት የሚፈልግ ሰው የሚጀምረው ሎኮሞቲቩን በጨርቅ ከመወልወል ነው። ቀጥሎ ከሰል ወደ እሳቱ የሚጨምር ረዳት ይሆናል። መሪውን የሚይዘው ከብዙ ዓመት ሥልጠናና ፈተና በኋላ ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ደግሞ በየ10 ዓመቱ ገደማ ተፈታትቶ ካልታደሰ አይሠራም። ስለዚህ ደመወዝተኛ ሠራተኞችም አሉ፤ ቲኬት ይሸጣል፣ ካፌ አለ፣ ለፊልም ቀረጻ ይከራያል። ፍቅር ብቻውን ቦይለር አያድስም።

ወደ ለገሃር ስንመጣ

እኛም አሮጌ መስመር አለን። ከጂቡቲ በ1897 ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ምድር ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ድሬዳዋ ራሷ ከተማ የሆነችው በእሱ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመጣ በሌላ መንገድ አለፈ፤ ተሳፋሪውም ለገሃር መሆኑ ቀርቶ ፉሪ ለቡ ድረስ ይሄዳል። የአሮጌው ሀዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነ የድሮው ባቡር በአዲሱ ላይ አይሄድም።

784 ኪሎ ሜትሩን መልሰን እንሥራ እያልኩ አይደለም፤ ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው እንደዚያ አይልም። ብሉቤልም ያዳነው 18 ኪሎ ሜትር ነው። ከእነሱ የምወስደው ነገር የዋጋ ቅደም ተከተሉን ነው። ሀዲድ ቢነቀል ብረት ነው፣ ይገዛል። ጣቢያ ቢፈርስ ይገነባል። መንገዱ ራሱ አንዴ ከተቆራረጠ፣ ቤት ከተሠራበት ወይም ቆሻሻ ከሞላው ግን መመለሻው በአሥርት ዓመታት ይቆጠራል። ዛሬ አንድ አጭር ቁራጭ ለይቶ «ይህ አይነካ» ማለት ርካሽ ነው፤ ነገ ማስመለስ ውድ ነው።

ከመንገዱም በፊት የሚጠፋ ነገር አለ፤ እውቀቱ። ድሬዳዋ ወርክሾፕ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ የማሽኑን ድምፅ ሰምተው ሕመሙን የሚያውቁ አባቶች አሁንም አሉ። የብሉቤል ወጣቶች ሎኮሞቲቭ መንዳትን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማሩም፤ ሥራውን የሚያውቁ የቀድሞ ሠራተኞች ገና በሕይወት ሳሉ ነው የጀመሩት። አያታችሁ ወይም የጎረቤታችሁ አባት የምድር ባቡር ሰው ከነበሩ ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የትኛው ማሽን ምን እንደሚሠራ፣ ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሀዲዱ በየት በየት ያልፍ እንደነበር ጠይቋቸውና ቅረጹ። ለዚህ ፈቃድም በጀትም አይጠየቅም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።